ጥላ አይቀረጽም

በእኛ ክፍል ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ደንብ የለም። በቃል የሚነገር አንድ ደንብ ብቻ አለ፤ ጥላ አይቀረጽም። ደንቡ የመጣው በእኔ ምክንያት ነው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ የዛፍ ሥዕል ሰጡኝ፤ አዲስ ሠራተኛ ነኝና ዓይኔ የገባውን ሁሉ ቀረጽኩ። ዛፉን ቀረጽኩ፣ አጥሩን ቀረጽኩ፣ ከዛፉ ሥር የተጋደመውንም ጥላ አሳምሬ ቀረጽኩ። ዓይነ ስውሩ ጋሽ ዳኛ ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ዳሰሱትና፣ "ዛፉስ ደህና። ላሟ ግን ምነው ራስ የላትም?" አሉኝ።

ሥዕሉ ላይ ላም የሚባል ነገር አልነበረም። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ለእጅ ጥላ ብሎ ነገር የለም፤ ከፍ ብሎ የተነካው ሁሉ ወይ ዕቃ ነው፣ ወይ ሰው ነው፣ ወይ ከብት ነው። ከዚያ ወዲህ ጥላ ሲያጋጥመን እንዳላየነው ሆነን እናልፋለን።

የምሠራበት ሙዚየም ውስጥ ዓይናቸው የማያይ ሰዎች ሥዕል የሚዳስሱበት አንድ ክፍል አለ። እዚያ የተሰቀሉትን የሚዳሰሱ ቅጂዎች የምሠራው እኔ ነኝ። ሥዕሉ ወደኔ ይመጣል፣ መስመሩን በስስ ወረቀት እገለብጠዋለሁ፣ የሚቀረውንና የሚጣለውን እመርጣለሁ፣ ከዚያ ጭቃ እየከመርኩ ከፍና ዝቅ አበጅለትና በጄሶ አወጣዋለሁ። ከባዱ መምረጡ ነው። ዓይን ሁሉን ባንዴ ይጎርሳል፤ እጅ ግን በየተራ ነው የሚያላምጠው፣ ሲበዛበት ያንቀዋል። ጄሶው ሲደርቅ ጋሽ ዳኛ ዘንድ ይቀርባል። እሳቸው "አለፈ" ካሉ በጠንካራ ፕላስቲክ ይፈሳል፤ "ይፍረስ" ካሉ ይፈርሳል፣ ይግባኝ የለም። ዳኛ ያልናቸው ለዚህ ነው እንጂ ዓይናቸው ከመጥፋቱ በፊት ሥራቸው ሹፍርና ነበር። "ያኔም ቢሆን ብዙ አላይም ነበር" ይላሉ፣ ሊያስቁን።

እኔም እስቃለሁ። ሰው ሲስቅ እስቃለሁ።

ወንድሜ የሞተ ሰሞን ያገኘኝ ሁሉ "አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" ይለኝ ነበር። የሚወጣ ነገር ሲኖር አይደል የሚወጣው? ታናሼ ነው። ሠዓሊ ነበር። መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ቀበርኩት፣ ቤት ገባሁ፣ በነጋታው ያደረ ዕቃ አጠብኩ። ጥርስ ሐኪም ዘንድ መርፌ ተወግታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ከንፈራችሁ የራሳችሁ አይመስላችሁም፤ ብትነክሱትም አያምም። እኔ እንደዚያ ሆኜ ነው የቀረሁት። መርፌው እስኪለቅ እየጠበቅኩ ክረምቱ አለፈ፣ በጋውም ገባ።

አንድ ቀን የክፍላችን ኃላፊ መጣችና እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። ደግ ሴት ናት፤ ግን ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ትከሻዬን ሳትይዝ ደህና ዋልሽ ማለት እንኳ አቅቷታል።

"የወንድምሽን የመጨረሻ ሥዕል ሙዚየሙ ገዝቶታል" አለች። "ለዳሰሳው ክፍል ቅጂ እንዲሠራለት አስበናል። ከከበደሽ ሌላ ሰው ይሥራው።"

"ሌላ ሰው ማን አለ?"

ሌላ ሰው እንደሌለ እሷም ታውቃለች።

"የሳለው እናታችሁን ነው አይደል? ክፍሉ ከመከፈቱ በፊት መጥተው እሳቸው ይዳስሱት። ደስ ይላቸዋል።"

"እሺ" አልኩ። ያን ሰሞን ለሁሉም ነገር እሺ ነበር የምለው።

እናቴ ዓይኗ የጠፋው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ጨለመ፣ ከዚያ ወደ መሀል እየጠበበ መጣ፣ ወንድሜ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው ጨርሶ ተዘጋ። አብሬያት የምኖረው እኔ ነኝ። ቀን ሥራ እውላለሁ፣ እሷ በሩን ቆልፋ ቤት ትውላለች። የታጠበ ልብስ ታጥፋለች፣ ካልሲ ታዛምዳለች። ዓይኗ ከጠፋ በኋላ ለካልሲዎቹ ዘዴ አበጀችላቸው፤ በየጥንዱ አፍ ላይ ክር ትቋጥራለች፣ ለአንዱ ጥንድ አንድ ቋጠሮ፣ ለሌላው ሁለት፣ እንዲያ እያለ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ በኛ ቤት አንድም ሰው የማይመሳሰል ካልሲ አድርጎ አልወጣም።

ማታ ላይ ነገሩን ነገርኳት።

"የማንን ሥዕል?" አለች።

"ያንቺን።"

"የኔን? እሱ? መቼ አይቶኝ?"

ቂሟ ይሄ ነው። ዓይኗ ከተዘጋ በኋላ ወንድሜ በስልክ "እሁድ እመጣለሁ፣ እማ" ይላታል፣ እሁድ ይመጣል፣ እሱ አይመጣም። ቀጥሎ ሌላ እሁድ። እንዲህ እንዳለ ሞተ። ዕቃውን ሲያስረክቡን ከኪሱ ቁልፎች ተገኙ፣ እሷም አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸውና አንዱን ለይታ ያዘች። "ይሄ የኔ ቤት ቁልፍ ነው" አለች። "ቁልፌን ኪሱ ይዞ ነው ደጄን ሳይረግጥ የቀረው።" ከቀለበቱ አወጣችውና የአዝራር ማጠራቀሚያ ቆርቆሮዋ ውስጥ ጣለችው። ጎረቤት "ሙት አይወቀስም" ሲላት "እኔ እወቅሰዋለሁ፣ የወለድኩት እኔ ነኝ" ትላለች። የታወረች እናቱን ማየት ቀፎት ነው የቀረው ብላ ነው የምታምነው። ይሄንን ለኔ ብቻ ነው ያወጣችው፣ አንዴ፣ ልብስ እያጠፈች።

አሁንም ካልሲውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና፣ "የሳለው የድሮ ፊቴን ነው የሚሆነው" አለች። "ካላየኝ ከየት ያመጣዋል? አንድ ነገር ብቻ ነው ማወቅ የምፈልገው። ዓይኔ ከጠፋ በኋላ መጥቶ አይቶኛል ወይስ አላየኝም? አንቺ አዎ ብትይኝ አላምንሽም፤ ልታጽናኚኝ ነው የምትይው። በእጄ ልየው።"

"እሺ፣ እማ" አልኩ።

በማግስቱ ሥዕሉ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ቀረበ። ከዚያ በፊት አይቼው ነበር፣ በሐዘኑ ሰሞን፣ በሰው ትከሻ ላይ አሻግሬ። ያኔ ማየቴ ማየት አይደለም። አሁን ግን ሥራ ነው፤ ስስ ወረቀቴን ዘረጋሁበትና ከላይ ጀምሬ መገልበጥ ያዝኩ።

እናቴ ዝቅ ባለችው ወንበሯ ላይ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ተቀምጣለች። የቤት መሀረቧን አስራለች፣ የተበጣጠሰውን። አፏ ትንሽ ከፈት ብሏል፣ ስትቆጥር እንደምታደርገው። ጭኗ ላይ ካልሲዎች አሉ። እርሳሴ ካልሲዎቹ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ በየካልሲው አፍ ላይ ደቃቅ ክር ተቋጥሯል። አንድ ቋጠሮ፣ ሁለት ቋጠሮ። ይሄን ዘዴ የጀመረችው ዓይኗ ከጠፋ በኋላ ነው፣ በስልክም አልነገረችውም። መጥቷል ማለት ነው። ቆሞ አይቷታል።

ወደ ታች ወረድኩ። በሩ ክፍት ነው፣ ከውጭ ፀሐይ ገብታ ወለሉን አብርታዋለች፣ ብርሃኑ መሀል ላይ ረጅም ጥላ ተዘርግቷል። በሩ ላይ የቆመ ሰው ጥላ ነው። እግሩ ደፉ ጋ ይጀምራል፣ ወገቡ ወለሉ መሀል ነው፣ ራሱ ተስቦ ተስቦ የእናቴ ጭን ላይ፣ ካልሲዎቹ ላይ አርፏል። ግራ ትከሻው ዘንበል ብሏል። ወንድሜ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ቦርሳውን በአንድ ትከሻ ነው የሚይዘው፤ እናቴ "ተንጋደህ ልትቀር ነው" ስትለው ነው ያደገው።

እርሳሴን አስቀመጥኩ።

ለካ እሱ ነው። ዓይኗ እንደጠፋ አንድ ሰሞን እናቴ ከሥራ ስገባ አንድ ነገር ትነግረኝ ነበር። "ቀን በሩ በቁልፍ ይከፈታል። ፀሐይ እግሬን ያሞቀኛል፣ ጭኔን ግን ይቀዘቅዘኛል፤ የሆነ ነገር ይከልልብኛል። ሰው ቆሟል። አይናገርም። ትንሽ ይቆይና ዘግቶ ይሄዳል።" ጎረቤት ጠየቅኩ፣ ያየ የለም። እናቴ አንዱን ቀን ልቧን አጽንታ "ልጄ፣ አንተ ነህ?" ብላ ጠይቃለች። መልስ የለም። "ልጅ ቢሆን አይመልስም?" አለችኝ። "ሌባ ነው፣ የሚወሰድ እያማረጠ ነው። ቁልፉን አስቀይሪልኝ።" ቁልፍ ሠሪ መጣና ቀየረው። የወንድሜን አዲስ ቁልፍ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችለት፤ "ሲመጣ ይወስዳል" አለች። ከዚያ በኋላ በሩ ላይ የቆመ የለም። ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ ሞተ።

ለምን ዝም እንዳለ አውቃለሁ፣ ወይም የማውቅ ይመስለኛል። እናቴ ሊስላት ሲል ፎቶ ቤት እንደገባ ሰው ትደርቃለች። የመውጫ መሀረቧን ታወጣለች፣ አፏን ትገጥማለች፣ አገጯን ቀና ታደርጋለች። ስንት ጊዜ ሞክሮ ስንት ጊዜ ቀዷል። በመጨረሻ ሰረቃት። ሰርቆ ደግሞ አፍሮ ይሆናል፣ "ልጄ፣ አንተ ነህ?" ስትለው። አንዴ ያልመለሰ ሰው ሁለተኛ ለመመለስ ይከብደዋል።

በዚያ ሰዓት ምን ሊሰማኝ እንደሚገባ አውቅ ነበር። አልተሰማኝም። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እጄ ላይ የደረቀ ጭቃ ስፍቅ ቆየሁ።

ከዚያ ማሰብ የምችለውን አሰብኩ። ቋጠሮዎቹን ከቀረጽኩ እናቴ መምጣቱን ታውቃለች፤ የፈለገችው እሱን ነው፣ ታገኛለች፣ ቂሟ ይለቃታል። ጥላውን ከቀረጽኩ ግን በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ማን እንደሆነ ታውቃለች፣ ቁልፉንም ማን ላይ እንዳስቀየረች ታውቃለች። ለአንዲት አሮጊት ይሄ ምን ይጠቅማታል? ሆድ ይፍጀው። ደግሞ ደንብ አለ፣ ያውም በኔ የመጣ ደንብ። ጥላ አይቀረጽም። ማንም አይጠይቀኝም።

ሠራሁት። ፊቷን ከፍ አደረግኩ፣ እጆቿን ከፍ አደረግኩ፣ ካልሲዎቹን እየለያየሁ ቋጠሮዎቹን በመርፌ ጫፍ አወጣሁ። ጥሩ ሥራ ወጣኝ፤ በኔ አፍ አያምርም እንጂ። ወለሉን ለስልሶ እስኪያንሸራትት በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት።

ጋሽ ዳኛ መጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ አደረቁ፣ ተቀመጡ። ከላይ ጀመሩ።

"ሴት ናት። ሸምግላለች። አፏ ተከፍቷል፤ ልትናገር ነው?"

"እየቆጠረች ነው።"

"እሺ። እጆቿ ጥሩ ናቸው። ይሄ ምንድነው... ካልሲ። ካልሲ ነው አይደል? አፉ ላይ ያለችው ነጠብጣብ ምንድናት?"

"ቋጠሮ። እናቴ የምትለይበት።"

"ብልህ ናቸው" አሉ፣ ለራሳቸው ያህል። ወደ ታች ወረዱ። ጣታቸው ወለሉ ላይ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ። ሄደ፣ ተመለሰ። "ይሄ ሜዳ ምንድነው?"

"ወለል ነው።"

"የሥዕሉን እኩሌታ ለወለል? ወንድምሽ ወለል ሊስል ነው ያን ያህል የለፋው?"

የጄሶውን ብናኝ በእጅጌዬ ጠረግኩ።

"ምን አወጣሽበት?"

"ጥላ።"

"እንግዲያው ደንብ ነው" አሉ። እጃቸውን ግን አላነሱም። "የምን ጥላ?"

ነገርኳቸው። የጀመርኩት ባጭሩ ልል ነበር፤ ግን ከበሩ ጀምሬ እስከ ቁልፍ ሠሪው ድረስ ሁሉንም ነገርኳቸው። ድምፄ የዕቃ ዋጋ እንደሚናገር ሰው ድምፅ ነበር፣ እኔው ሰማሁት። ሲያልቅ ጋሽ ዳኛ እጃቸውን ከጄሶው ላይ አነሡ።

"ዓይኔ የጠፋ ሰሞን" አሉ፣ "ባለቤቴ ቤት ውስጥ የተሰበረውን ሁሉ ደህና ነው ትለኝ ነበር። እንዳላዝን ብላ። ብርጭቆው ደህና ነው፣ ወንበሩ ደህና ነው፣ የመስኮቱ መስታወት ደህና ነው። ይቺን ጠባሳ ታያለሽ?" መዳፋቸውን አሳዩኝ። "ከደህናው መስኮት ነው ያገኘኋት።"

"እና ይፍረስ ነው የሚሉኝ?"

"አይ። ደንቡን ጠብቀሻል፤ ሥራሽም የሚፈርስ ሥራ አይደለም። አለፈ እንዳልልሽ ደግሞ እጄ እምቢ ይለኛል። ዛሬ ዳኛ አይደለሁም፣ አንቺ ልጅ። እናትየው ያንቺ ናቸው።" ተነሡና ዱላቸውን ፈልገው ወጡ። ሳይፈርዱ ሲወጡ ያን ቀን ብቻ ነው ያየኋቸው።

በጄሶው ፊት ተቀመጥኩ። ኃላፊያችን ብቅ አለችና "እንዴት ነው?" አለች፤ "ደህና ነው" አልኳት፤ አፌ ላይ ያለችው ቃል እሷ ነበረች። ደህና ነው። ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ ለሁሉም የምሰጣት ቃል ናት። እናቴ "ምን አለ ውጭ?" ስትለኝም ደህና ነው እላታለሁ። ሰለቸኝ። የገዛ አፌ ሰለቸኝ፤ ለረጅም ጊዜ ከተሰማኝ ነገር እሱ የመጀመሪያው ነው።

ጥላውን በጭቃ ከፍ ባደርገው ወለል ላይ የወደቀ ሬሳ ይሆናል። ስለዚህ አላነሣሁትም። ኮላ ቀባሁና ደቃቅ አሸዋ ነሰነስኩበት፤ ወለሉ ከፍ ሳይል እንዲሻክር ብቻ። እግሩን፣ ወገቡን፣ ያቺን የተንጋደደች ትከሻ። አሸዋው ቀሚሷ ጫፍ ጋ ሲደርስ ግን አቆምኩ። ካልሲዎቹ ላይ ብነሰንስ ቋጠሮዎቹ ይጠፋሉ፤ እጅ ሁለቱን ባንድ ቦታ አይችልም። ጥላውን ያለ ራስ ተውኩት።

እናቴን ይዣት የመጣሁት ክፍሉ ለሰው ከመከፈቱ በፊት ነው። የመውጫ መሀረቧን አስራለች፣ ሽቶ ነክታለች። ኃላፊያችን ልትከተለን ስትል ጋሽ ዳኛ ኮሪደሩ ላይ አንድ ነገር ጠየቋት፤ ወሬያቸው ረዘመ። እኔና እናቴ ብቻ ገባን።

እጇን ይዤ የቅጂው ዳር ላይ አስቀመጥኩላት። "ከዚህ በኋላ ልቀቂኝ" አለች። ለቀቅኳት።

መጀመሪያ ያገኘችው ፊቷን ነው። ባንድ እጇ እሱን፣ በሌላው የራሷን ዳሰሰች። "አፍንጫዬን አሳንሶልኛል" አለች።

"ልክ ነው የሳለው።"

"ዝም በይ፣ አፍንጫዬን አውቀዋለሁ።" ከዚያ ወረደች። መሀረቡን ስትነካ ፊቷ ጠቆረ። "የቤቱን መሀረብ ነው እንዴ? በዚህ ነው ሰው ፊት የምቆመው?" ከዚያ እጆቹን፣ ከዚያ ካልሲዎቹን አገኘች። ጣቷ ቆመ። አንድ ቋጠሮ። ቀጥሎ ያለው ካልሲ ላይ ሁለት ቋጠሮ። ደገመችው። አልቸኮለችም።

"ቋጠሮዬ" አለች።

"አዎ።"

"አንቺ ነሽ የጨመርሽው?"

"አይደለሁም። ሥዕሉ ላይ አለ። ከፈለግሽ ጋሽ ዳኛን ጥሪና..."

"ይሁን፣ አምኜሻለሁ።" ትንፋሿን ለቀቀች፣ ትከሻዋ ወረደ። "መጥቷል። መጥቶ አይቶኛል።" ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ሲሄድ አየሁት። እዚያ ላይ እጇን ይዤ "በይ እንሂድ" ብላት ትሄድልኝ ነበር። ደስ ብሏት ትሄድልኝ ነበር። አላልኩም።

እጇ ወደ ታች ወረደ። "ይሄ ሻካራው ምንድነው? ቤቴ ሳይጠረግ ነው የሳለው?"

ምንጣፍ ነው የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጣ። ዋጥኩት።

"ጥላ ነው፣ እማ።"

"የማን?"

"የሱ። ሲስልሽ በሩ ላይ ቆሞ ነው። ፀሐይዋ ከኋላው ናት።"

ጣቶቿ ከደፉ ጀመሩ፣ እግሩን ይዘው ወጡ፣ ወገቡ ላይ ደረሱ፣ ትከሻው ላይ ደረሱ። የቀኙን ትከሻ ዳሰሰች። የግራውን ዳሰሰች። ግራው ላይ ቆየች።

"ቁልፉን አስቀየርኩበት" አለች።

"አዎ" አልኩ።

"በስሙ አልጠራሁት ይሆናል። ልጄ አልኩት እንጂ በስሙ አልጠራሁትም።"

"ሰምቶሻል።"

"ታዲያ ማንኳኳት አቅቶት ነው? ቁልፉ እምቢ ሲለው ቢያንኳኳ አልከፍትለትም?" ድምጿ ተቆጣ፣ ከዚያ መልሶ ወረደ። "ቢናገር ኖሮ መሀረቤን ልቀይር እነሣ ነበር። ያውቀኛል።" እጇ አሁንም አሸዋው ላይ ነው። ወደ ላይ አስኬደችው፣ አሸዋው አለቀባት፣ መለሰችው፣ እንደገና አስኬደችው። "ራሱስ?"

"እ?"

"ራስ የለውም። ራሱ የት ሄደ?"

"ቅጂው ላይ ማድረግ አልቻልኩም። ካልሲዎቹን ያጠፋብኛል። ሥዕሉ ላይ ግን ጭንሽ ላይ ነው። ራሱ ጭንሽ ላይ ነው ያረፈው።"

እናቴ እጇን ከቅጂው አንሥታ የራሷ ጭን ላይ አደረገች። መዳፏን ዘረጋች።

"ይቀዘቅዘኝ ነበር" አለች።

በአውቶቡስ ተመለስን። ጎናችን የተቀመጠች ሴት ልጇን ስለ ጫማው ትቆጣዋለች። ቤት ስንደርስ ከፍቼ አስገባኋት። መሀረቧን ሳትፈታ ቀጥታ ወደ አዝራር ቆርቆሮዋ ሄደች፣ አዝራሮቹን አገላበጠች፣ የወንድሜን የድሮ ቁልፍ አወጣች። ከዚያ ግድግዳውን ተከትላ ወደ ውጭ ወጣች።

"ዝጊውና ቆልፊው" አለችኝ ከደጅ።

"እማ፣ ምን ሆነሻል?"

"ቆልፊው አልኩሽ።"

ዘጋሁት። ቆለፍኩት። ከውስጥ ቆሜ ቁልፉ ቀዳዳውን ሲፈልግ ሰማሁ። አገኘው። ሊዞር ሞከረ፣ አልዞረም። ወጣ። እንደገና ገባ፣ ጨከን ብላ ገፋችው፣ ብረቱ ተንቋቋ፣ አልዞረም። ከዚያ ድምፅ ጠፋ። አላንኳኳችም። እንድከፍትላት አልጠራችኝም። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት የእግሯ ጥላ ወደ ውስጥ ገብቶ ይታየኛል፤ አይንቀሳቀስም።

"እማ፣ አንቺ ነሽ?" አልኩ። ማን መሆኗን እያወቅኩ ጠየቅኩ።

አልመለሰችም።

ያኔ ነው ያመመኝ። ደረቴ ላይ ጀመረና ወደ ክንዴ ወረደ። መክፈቻውን በሁለት እጄ ያዝኩት። ከፈትኩ፣ እናቴ ቁልፉን እንደያዘች ደጁ ላይ ቆማለች፣ ፀሐይዋ ከኋላዋ።

"በዚህ አይገባም" አለችኝ።

"አዎ፣ እማ" አልኩ፣ እያለቀስኩ። "አይገባም።"